ሁለቱም «ኤክሰለንት» ከተባሉ የትኛውን አልማዝ ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ለወዳጄ የእጮኝነት ቀለበት ልገዛ ሁለት ክብ አልማዞች መርጫለሁ። ሁለቱም የጂአይኤ (አልማዝ መርምሮ ደረጃ የሚሰጥ ተቋም) ሰርተፊኬት አላቸው። ሁለቱም በአቆራረጥ ‹ኤክሰለንት› ተብለዋል። ቀለማቸውና ጥራታቸውም እኩል ነው። አንደኛው 1.01 ካራት ነው፤ ወርዱ 6.41 ሚሊ ሜትር፣ ቴብሉ 58 በመቶ፣ ጥልቀቱ 62.6 በመቶ፣ የክራውን ማዕዘኑ 35.5፣ የፓቪሊዮን ማዕዘኑ 41.4 ዲግሪ። ሁለተኛው 0.92 ካራት ነው፤ ወርዱ 6.25፣ ቴብሉ 56፣ ጥልቀቱ 61.8፣ ክራውኑ 34.5፣ ፓቪሊዮኑ 40.8። ሻጩ ‹ሁለቱም ኤክሰለንት ናቸው፣ ትልቁን ውሰድ› ይለኛል። ሱቁ ውስጥ ሁለቱም ዓይን ይወጋሉ፤ እኔ ልዩነት አልታየኝም። እህቴ ደግሞ ‹ክቡን ተወውና ኦቫል ግዛ፣ ትልቅ መስሎ ይታያል› ትላለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ግራ የገባኝ ነኝ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። ቁጥሮቹን ሁሉ ስለላክህልኝ ደግሞ አመሰግናለሁ፤ ምን ማለት እንደሆኑ ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ። ብዙ ጠያቂ ካራቱን ብቻ ጽፎ «የቱ ይሻላል?» ይላል። ካራት ክብደት ነው፤ አንዱ ካራት 0.2 ግራም። ስለ ውበት የሚነግረን ነገር የለም።

መልሴን ላስቀድም። እኔ ብሆን ወደ 0.92ቱ አደላለሁ። ይህን የምለው ግን ድንጋዮቹን ሳላያቸው፣ ቁጥሮቹን ብቻ አይቼ ነው። ስለዚህ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ሁለቱንም ከሱቁ መብራት ውጭ፣ ጎን ለጎን፣ በራስህ ዓይን እንድታያቸው አጥብቄ እለምንሃለሁ።

«ሁለቱም ዓይን ይወጋሉ» ማለትህ አልገረመኝም። የጌጣጌጥ ሱቅ ጣሪያ በትንንሽ ኃይለኛ አምፖሎች የሚሞላው ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ካለ መብራት ሥር አልማዝ ሁሉ ባለ ቀለም ብልጭታ ይረጫል። በጥንቃቄ የተቆረጠውም ይረጫል፣ በግዴለሽነት የተቆረጠውም ይረጫል። ልዩነታቸው የሚለየው መብራቱ ሲለሰልስ ነው። ወዳጅህ ደግሞ ቀለበቱን የምታደርገው ቢሮ ውስጥ፣ መኪና ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ፣ ማታ ሳሎን ውስጥ ነው። አልማዙ ማማር ያለበት እዚያ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ከገባህ ምን እንደምትፈልግም ታውቃለህ። አልማዝ የራሱ ብርሃን የለውም። ብርሃን ከላይ ይገባል፣ ከታች ያሉትን ዘንበል ያሉ ገጾች ይመታል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይንጸባረቃል፣ ከዚያ ወደ ዓይንህ ይመለሳል። ጨረሩ የድንጋዩን ውስጠኛ ገጽ ሲመታ፣ ለገጹ ቀጥ ካለው መስመር ከ24.4 ዲግሪ በላይ አጋድሎ ከሆነ መውጫ የለውም፤ ሙሉ በሙሉ ይንጸባረቃል። ከዚያ ካነሰ ግን አብዛኛው በዚያው ሾልኮ ይሄዳል። ስለዚህ ማዕዘኑ የተበላሸ አልማዝ እንደ ቀዳዳ እንስራ ነው፤ ምንም ያህል ብርሃን ብታፈስበት አይዝልህም። ቀለሙ የቱንም ያህል ነጭ፣ ውስጡ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ይህን አያስተካክለውም። ለዚህ ነው አቆራረጥን ከሌሎቹ ሁሉ የማስቀድመው።

ማርሴል ቶልኮውስኪ እ.ኤ.አ. በ1919 ይህን በሒሳብ ሠርቶ አሳይቷል። ከአልማዝ ቆራጮች ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። ለክብ አልማዝ ቴብል 53 በመቶ፣ ክራውን 34.5 ዲግሪ፣ ፓቪሊዮን 40.75 ዲግሪ የሚሉ ቁጥሮች ላይ ደረሰ። ቴብል የምንለው ከላይ ያለው ትልቁ ጠፍጣፋ ገጽ ነው፤ በመቶው የሚሰላው ከድንጋዩ ወርድ ነው። ክራውን ከወገቡ (ከሰፊው የዙሪያ ጠርዙ) በላይ ያለው ክፍል፣ ፓቪሊዮን ደግሞ ከወገቡ በታች የሚሾለው ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናት ተጨምሯል፤ ቴብሉም ዛሬ ትንሽ ሰፋ ብሎ ይቆረጣል። ሁለቱ ማዕዘኖች ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ከዚያው አካባቢ ብዙም አልራቁም። ያንተ 0.92 የክራውን ማዕዘን ልክ እዚያው ነው፣ የፓቪሊዮኑም ከጎኑ ነው።

አሁን ወደ ሰርተፊኬቱ እንምጣ። ጂአይኤ ለክብ አልማዝ የአቆራረጥ ደረጃ በሰርተፊኬቱ ላይ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ደረጃዎቹ አምስት ናቸው፤ ኤክሰለንት የመጀመሪያው ነው። ችግሩ ይህ የመጀመሪያ ደረጃ ሰፊ መሆኑ ነው። የፓቪሊዮን ማዕዘኑ ከ40.6 እስከ 41.8፣ የክራውኑ ከ31.5 እስከ 36.5 ዲግሪ የሆነ ድንጋይ፣ ሌሎቹ ልኮች ከተስማሙለት፣ ኤክሰለንት ሊባል ይችላል። በዚህ ስፋት ውስጥ በጣም የሚያምርም አለ፣ ለጥቂት ያለፈም አለ። ሻጭህ «ሁለቱም ኤክሰለንት ናቸው» ሲልህ አልዋሸም። እኩል ናቸው ማለት ግን አይደለም።

ማዕዘኖቹን ደግሞ ለየብቻ አትያቸው። ክራውንና ፓቪሊዮን የሚደጋገፉ ናቸው። ክራውኑ ቀና ካለ ፓቪሊዮኑ ዝቅ ማለት አለበት፤ ፓቪሊዮኑ ቀና ካለ ክራውኑ ዝቅ ይላል። ያንተ 1.01 ላይ ሁለቱም ቀና ብለዋል፤ 35.5 እና 41.4። እንዲህ ያለ ጥምረት ብዙ ጊዜ ከቴብሉ ጠርዝ ሥር ብርሃን ያሾልካል። በዓይን ሲታይ በመሃሉ ዙሪያ ግራጫ ቀለበት የመሰለ ድብዝዝ ያለ ቦታ ይሆናል። በሱቅ መብራት አይታይም። ደመናማ ቀን መስኮት አጠገብ ሲሆን ግን ይታያል።

ሰርተፊኬቱ ላይ የሚጻፉት ማዕዘኖች አማካይ መሆናቸውንም እወቅ። ክራውኑም ፓቪሊዮኑም በዙሪያው ስምንት ቦታ ይለካል፣ አማካዩ ይወሰዳል፣ ከዚያ ይጠጋጋል። ክራውኑ ወደ ቅርብ ግማሽ ዲግሪ፣ ፓቪሊዮኑ ወደ ቅርብ 0.2 ዲግሪ። ስለዚህ «40.8» የተባለው በእውነት 40.7 ወይም 40.9 ሊሆን ይችላል። ስምንቱ መለኪያዎች እርስ በርስ የተራራቁ ቢሆኑም አማካዩ ይደብቃቸዋል። ቁጥር መጥፎውን ለማስወጣት ጥሩ ነው። ጥሩውን መርጦ ለማንሳት ግን አይበቃም።

ለመሆኑ ቆራጩ 1.01ኛውን ለምን እንዲህ አደረገው? ክብደት ለማዳን ይመስለኛል። የአልማዝ ዋጋ 1.00 ካራት ላይ ሲደርስ ከፍ ብሎ ይዘላል። ቆራጭ ጥሬውን ድንጋይ ይዞ ሲቀመጥ፣ ማዕዘኑን ቢያስተካክል 0.95 የሚሆን፣ ሆዱን ትንሽ ቢያወፍረው 1.01 የሚሆን ከሆነ፣ ፈተናው ከባድ ነው። አንተ የምትከፍለው ለዚያ ሆድ ነው። እስኪ አስላው። 1.01ኛው በክብደት 10 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ወርዱ የሚበልጠው ግን 0.16 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከላይ በሚታየው ስፋት ሲሰላ ልዩነቱ 5 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው ክብደት ከታች ተደብቋል። በደንብ የተቆረጠ ባለ 1 ካራት ክብ አልማዝ ወርዱ ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ያንተ ከዚያ ጎደል ይላል። ብርሃኑ እስከ ጠርዙ የሞላ ድንጋይ ደግሞ ለዓይን ሰፋ ብሎ ስለሚታይ፣ ያቺ 0.16 ሚሊ ሜትር እንኳን ላትታወቅህ ትችላለች።

እንግዲህ ወደ ሱቁ ተመለስ። በመጀመሪያ ሁለቱም ድንጋዮች እንዲጸዱልህ ጠይቅ። አልማዝ ቅባት ይወዳል። ጥቂት የጣት ቅባት ከሥሩ ከተለጠፈ ብርሃን በዚያ በኩል መውጣት ይጀምራል፤ ጥሩው ድንጋይ ደብዝዞ በከንቱ ሊወድቅብህ ይችላል። ከዚያ «ከዚህ መብራት ውጭ ልያቸው» በል። ይህን ጥያቄ በደስታ የማይቀበል ሻጭ ካጋጠመህ ያ ራሱ መረጃ ነው።

መስኮት አጠገብ ቁም፤ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታበት ቦታ ይሁን። ቀጥተኛ ፀሐይ ላይ ማንኛውም አልማዝ ጨለም ብሎ የቀለም ብልጭታ ብቻ ይረጫል። ያምራል፣ ግን ለፍርድ አይሆንም። ድንጋዮቹን ነጭ ወረቀት ላይ አታስቀምጣቸው። ወረቀቱ ከሥር ነጭ ብርሃን ስለሚሰጥ ብርሃን የሚሾልክበትን ቦታ ይሸፍንልሃል። ሁለት ጣቶችህን ገጥመህ በመካከላቸው ባለው ስንጥቅ ላይ አስቀምጣቸው፣ ቴብሉ ወደ ላይ ይሁን። ከዓይንህ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አርቅ። ሰው ሁሉ ወደ ዓይኑ ያስጠጋል፤ ሲያስጠጋ የራሱ ጭንቅላት ብርሃኑን ይከልለዋል፤ ከዚያ «ድንጋዩ ጥቁር ነው» ይላል። አሁን እጅህን ቀስ አድርገህ ወዲያና ወዲህ አዘንብል።

ጥሩ ድንጋይ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ብሩህ ነው። ውስጡ ትንንሽ ጥቁርና ነጭ ቦታዎች ታያለህ። ስታዘነብለው ቦታ ይቀያየራሉ፤ ጥቁሩ ይበራል፣ የበራው ይጠቁራል። ይህ ጥቁር ጉድለት አይደለም። ያለ እሱ ብልጭ ድርግም የሚባለው ነገር አይኖርም። መጥፎው ስታዘነብልም የማይነቃነቅ ጥቁር ወይም ግራጫ ነው። ፓቪሊዮኑ እጅግ ከጠለቀ መሃሉ ላይ የምስማር ራስ የመሰለ ጥቁር ነጥብ ይቀመጣል። እጅግ ካነሰ ደግሞ ወገቡ በቴብሉ ውስጥ ተንጸባርቆ የዓሣ ዓይን የመሰለ ነጣ ያለ ክብ ይታያል። ያንተዎቹ በቁጥራቸው ሲታዩ ወደነዚህ ጽንፎች የሚደርሱ አይደሉም። አንተ በዋናነት የምትፈልገው 1.01ኛው ላይ ያ ግራጫ ቀለበት መኖር አለመኖሩን ነው።

ከመስኮቱ በኋላ ጥላ ወዳለበት ሂድ፤ የጠረጴዛ ሥርም ይበቃል። ደካማ ብርሃን ላይ ልዩነቱ ይጎላል። ጥሩ አቆራረጥ ያለው ድንጋይ ያገኘውን ጥቂት ብርሃን ሰብስቦ ይመልሳል፤ ሌላው ሞቶ ይቀራል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ፈተና ይህ ነው። የቢሮ ዓይነት ሰፊ ነጭ መብራት ካለም እዚያ ሥር አሳልፋቸው። ወደ አምፖሎቹ የምትመለሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ የምታየው የቀለሙን ብልጭታ ነው፣ ፋየር የሚሉትን። ብልጭታዎቹ ደቃቅና ብዙ ናቸው ወይስ ሰፋ ያሉና ደማቅ? ይህኛው ምርጫ ነው፤ የወደድከውን ውሰድ። ድንጋዮቹን ሌላ ሰው እያቀያየረ ያሳይህ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ምረጥ። «ትልቁ ይሻላል» የሚለው ሐሳብ ዓይንህን እንዳይመራው።

ዓይንህን ካላመንከው የሚያግዙ ርካሽ መሣሪያዎች አሉ። አይዲያልስኮፕ የሚባለው ውስጡ ቀይ የሆነ ትንሽ የእጅ መመልከቻ ነው። ድንጋዩን ከሥሩ ብርሃን እያበራህበት በሱ ስታየው፣ ብርሃን የሚመልሰው ቦታ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ የሚያሾልከው ነጭ ወይም ሐመር ሮዝ ይሆናል። ጥቁሮቹ ከራስህ አቅጣጫ ያለውን የሚያንጸባርቁ ናቸው፤ ሥርዓት ይዘው ከተደረደሩ ጥሩ ናቸው። 1.01ኛው ላይ እኔ የምጠብቀው ከቴብሉ ጠርዝ ሥር ነጣ ያለ ቀለበት ነው። አሴት የሚባለው ደግሞ ሦስት ቀለም አለው። ቀዩ ከላይ ከሚመጣው ደማቅ ብርሃን፣ አረንጓዴው ከጎን ከዝቅታ ከሚመጣው፣ ሰማያዊው በተመልካቹ ራስ ከሚከለለው አቅጣጫ ነው። ክብ አልማዝ ላይ ቀዩ እንዲበዛ ትፈልጋለህ። ሻጩ መሣሪያው ባይኖረው እንኳ የሁለቱን ድንጋዮች ምስል ከአቅራቢው ሊያስመጣልህ ይችላል። ጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር የለውም።

«ሃርትስ ኤንድ አሮውስ» የሚል ቃል ከሰማህ አትደናገር። ከላይ ስምንት ፍላጻ፣ ከታች ስምንት ልብ የሚያሳይ፣ ገጾቹ በእጅጉ የተመሳሰሉ ድንጋይ ማለት ነው። ጥሩ ጥራት ነው። ግን ተመሳሳይነትን እንጂ የማዕዘን ትክክለኛነትን አያረጋግጥም። ሰርተፊኬቱ ላይ «ሲሜትሪ» (የገጾቹ መመጣጠን) ተብሎ ከተጻፈውም ጋር አንድ አይደለም። ለአንተ ውሳኔ ወሳኝ አይደለም፤ እለፈው።

በቪዲዮ ብቻ አይተህ ለመግዛት ከተፈተንክ ደግሞ፣ የካሜራው ሌንስ ራሱ ብርሃን እንደሚከልል አስታውስ። ካሜራው ሲጠጋ ፍላጻዎቹ ድፍን ጥቁር ይሆናሉ። በዚያ ተመርተህ ድንጋዩን አትጣለው። በጣም በደመቀ መብራት የተቀረጸ ቪዲዮም አትመን። ሁለቱን በአንድ መብራት፣ በአንድ ርቀት፣ በአንድ ላይ የሚያሳይ ቪዲዮ ከተገኘ ግን ብዙ ይጠቅምሃል።

ድንጋዩን ሳይታሰር እይ። ቀለበት ላይ ከገባ በኋላ ብረቱ ጠርዙን ይሸፍናል፣ ቀለሙንም ይለውጣል። ስትረከበውም ሉፕ የሚባለውን 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ተውሰህ ወገቡን ተመልከት። ብዙ ድንጋዮች ላይ የሰርተፊኬቱ ቁጥር በሌዘር ተጽፎ ይገኛል። ከወረቀቱ ጋር አመሳስለው።

በጀትህ ከጠበበ ከአቆራረጥ አትቀንስ። ከቀለም አንድ ሁለት ደረጃ ዝቅ በል። ብርሃን በደንብ የሚመልስ ድንጋይ ጥቂት ቢጫነትን ይሸፍናል፤ በዓይን የማይታይ ትንሽ የውስጥ ነጥብም ማንንም አይጎዳም። ደብዝዞ የተቀመጠ ንጹሕ ድንጋይ ግን ደብዛዛ ነው፣ በቃ።

የእህትህ ሐሳብ ደግሞ መሠረት አለው። ኦቫል ከላይ ሲታይ ለክብደቱ ሰፋ ይላል፤ ጣትንም ያስረዝማል። ግን እስካሁን ያወራነው የኤክሰለንት ደረጃ የተሠራው ለክብ አልማዝ ነው። በኦቫል ላይ ሰርተፊኬቱ የገጾቹን ልስላሴና ሲሜትሪ ይነግርሃል፤ ብርሃኑን ግን አይመዝንልህም። ሥራው ሁሉ በዓይንህ ላይ ይወድቃል። ኦቫል ስታይ በመሃሉ አግድም የሚተኛውን የቢራቢሮ ክንፍ የመሰለ ጥቁር ጥላ ፈልግ። ትንሽ ጥላ ሁሉም ላይ ይኖራል። ስታዘነብለው ከሚጠፋው ጋር መኖር ይቻላል፤ ተጋድሞ የማይነሳውን አትግዛ። ወዳጅህ ኦቫል እንደምትወድ ካወቅህ ፈልግላት። ካላወቅህ ግን አሁን ባሉህ ሁለቱ ክቦች ላይ አትኩር።

ሁለቱንም አይተህ 1.01ኛው ላይ ያ ግራጫ ቀለበት ካልታየህ፣ በጥላም ከትንሹ እኩል ከበራ፣ ቁጥሩ ያስፈራኝን ያህል መጥፎ አይደለም ማለት ነውና ያለ ስጋት ውሰደው። ከታየህ ግን 0.92ቱን ያዝ፤ ከዋጋው ልዩነት የተረፈህን ለቀለበቱ ሥራ አውለው። የትኛውንም ብትመርጥ ከመክፈልህ በፊት የመመለሻ ጊዜውን በደረሰኙ ላይ በጽሑፍ አስጽፍ፤ ድንጋዩ ሳይታሰር ቤትህ ወስደህ፣ ቀንም ማታም፣ በራስህ መብራት እንድታየው።